ሾፌሩ የማያየው መብራት

እ.ኤ.አ. በ1974 ጆን ቮየቮድስኪ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ታክሲዎች ላይ ሙከራ አካሄደ። ለ343 ታክሲዎች ከኋላ መስታወታቸው ግርጌ አንድ ተጨማሪ የፍሬን መብራት አስገጠመላቸው፤ ሌሎች 160ዎቹን ለማነጻጸሪያ እንደነበሩ ተዋቸው። ከ10 ወራት በኋላ ሒሳቡ ሲሠራ፣ ተጨማሪ መብራት ያላቸው ታክሲዎች ከኋላ የመገጨታቸው መጠን ከሌሎቹ በ60.6 በመቶ አንሶ ተገኘ። ሞተር አልተነካም፤ ፍሬን አልተቀየረም፤ ሾፌሮቹም አዲስ ሥልጠና አልወሰዱም። ልዩነቱን ያመጣው አንድ ቀይ መብራት ነው።

አሜሪካ ከ1986 ሞዴል ጀምሮ ለሚሸጡ አዳዲስ አውቶሞቢሎች ሁሉ ሦስተኛውን የፍሬን መብራት ግዴታ አደረገች። መብራቱ በየመኪናው ከተለመደ በኋላ ውጤቱ እንደ መጀመሪያው አልዘለቀም፤ የአገሪቱ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ጥናት የረጅም ጊዜ ጥቅሙን 4.3 በመቶ አድርጎ አስልቶታል። ያን ያህል መኪና በሚነዳበት አገር ግን ይህም ቢሆን በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ግጭት ማስቀረት ማለት ነው።

ምክንያቱ ከርቀትና ከጊዜ ሒሳብ ይገኛል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ከኋላ ያለው ሾፌር ቀዩን መብራት ካየ በኋላ እግሩን አንሥቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ይፈጅበታል። መብራቱ ካልበራ ደግሞ፣ ከፊቱ ያለው መኪና እየቀረበው መምጣቱን አስቀድሞ በዓይኑ መለየት አለበት። በከተማ መንገድ ላይ ያ ተጨማሪ ቅጽበት በሁለቱ መኪኖች መካከል ያለውን ክፍተት ለመጨረስ ይበቃል።

ነገሩ በተለይ ዕድሜ ጠገብ መኪኖችን ይመለከታል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ዛሬም የምትሽከረከረው ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 መመረት ከጀመረው ትውልድ ናት። ብዙዎቹ ዲኤክሶች ሦስተኛ መብራት የላቸውም፤ ከኋላ ያለው ሾፌር ማስጠንቀቂያ የሚጠብቀው ከሁለት አምፖሎች ብቻ ነው። አንዱ ሲቃጠል ግማሹ ማስጠንቀቂያ ጠፋ ማለት ነው። አምፖል መቃጠሉን የሚነግር ምልክትም ዳሽቦርዳቸው ላይ የለም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ፣ መንገድ ላይ ያሉት የነዳጅ መኪኖች በጥገና ብዙ ዓመት መቆየታቸው የማይቀር ሆኗል።

የፍሬን መብራት ጥገና ከባድ ሥራ አይደለም። የሚያከብደው ቅደም ተከተል ሲዛባ ነው። አምፖል ተገዝቶ ሲገጠም አልበራ ይላል፤ ስዊች ይገዛል፣ አሁንም የለም፤ በመጨረሻ ሽቦው በሙሉ ይበጠሳል። የኤሌክትሪኩን መንገድ ከመነሻው እስከ መመለሻው በተራ የተከተለ ሰው ግን፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብር ዕቃ ላይ ከማውጣቱ በፊት ችግሩ የት እንዳለ ያውቃል።

ከባትሪ እስከ ማሳ

የፍሬን መብራት መስመር በመኪና ውስጥ ካሉት ቀላሎቹ አንዱ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚነሣው ኤሌክትሪክ በፊውዝ በኩል አልፎ ከፍሬን ፔዳሉ በላይ ወደተገጠመው ስቶፕ ስዊች ይደርሳል። እግር ፔዳሉን ሲጫነው ስዊቹ ይገጥማል። ኤሌክትሪኩ በወለሉ ጠርዝ በተዘረጋው ሽቦ ወደ ኋላ ሄዶ በሶኬቱ በኩል አምፖሉ ውስጥ ይገባል፤ ክሩን አግሎ ያበራዋል። ከዚያ በማሳ ሽቦው በኩል ወደ መኪናው ላሜራ ይወርድና ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ይመለሳል።

እንግዲህ መመርመሪያ ቦታዎቹ አምስት ናቸው፦ ፊውዝ፣ ስዊች፣ ሽቦ ከነማያያዣው፣ አምፖል ከነሶኬቱ፣ እና ማሳ። በብዙ መኪኖች ይህ መስመር በቀጥታ ከባትሪ ስለሚመገብ ቁልፉ ሳይዞርም ይሠራል። ይህም ለምርመራ ያመቻል፤ ሞተር ማስነሣት አያስፈልግም።

በዕድሜ ጠገብ መኪና ላይ ከተቃጠለ አምፖል ቀጥሎ በብዛት የሚያስቸግረው ብረት ከብረት የሚገናኝበት ቦታ ነው። ሽቦ መሐል ለመሐል እምብዛም አይበላሽም። የሚዝገው፣ የሚላላውና የሚጠቁረው ጫፉ ነው። ይህ ችግር ያረጀ ቮልስ ብቻ የሚያጋጥመው አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 ጄነራል ሞተርስ ሸቭሮሌት ማሊቡ፣ ፖንቲያክ ጂ6 እና ሳተርን ኦራን ጨምሮ በአሜሪካ 2.4 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል። በአንድ የኤሌክትሪክ ማያያዣ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን እግሮች በንዝረት እየተፋተጉ ዝገት ያበጁ ነበር። ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ መብራቱ ላይበራ፣ ሳይረግጥ ደግሞ ሊበራ ይችላል። መፍትሔው ማያያዣው እንዳይንቀሳቀስ ማጥበቅና ዝገት የሚከላከል ቅባት መቀባት ነበር። ለ2.4 ሚሊዮን መኪኖች የታዘዘው ሕክምና አንድ ጎበዝ የሰፈር ኤሌክትሪሻን በግማሽ ሰዓት ከሚሠራው ብዙም አይለይም።

ምልክቱን ማንበብ

ካቻቢቴ ከመነሣቱ በፊት አንድ ሰው ፔዳሉን ይርገጥ፣ ሌላው ከኋላ ቆሞ ይመልከት። ከኋላ የሚታየው ነገር ምርመራውን በግማሽ ያሳጥረዋል።

ሁሉም የፍሬን መብራቶች በአንድ ጊዜ ከጠፉ ጥርጣሬው ወደ ፊውዙና ወደ ስዊቹ ይሄዳል፤ የሁሉም የጋራ መንገድ እነዚህ ናቸውና። ሁለት ወይም ሦስት አምፖሎች በአንድ ቀን መቃጠላቸው እጅግ ያልተለመደ ነው።

አንዱ ወገን ብቻ ከጠፋ ፊውዙም ስዊቹም ነጻ ናቸው። ሌላውን ወገን እያበሩ ነውና። ችግሩ በጠፋው በኩል ካለው አምፖል፣ ሶኬት ወይም ማሳ አይርቅም።

የታችኞቹ ሁለቱ በርተው ከመስታወቱ ሥር ያለው ሦስተኛው ብቻ ከጠፋ፣ በተለይ የኋላ በራቸው ወደ ላይ በሚከፈት እንደ ቪትዝና ሃይስ ባሉ መኪኖች፣ በሩ መታጠፊያ ላይ ያለውን የጎማ ቱቦ ማየት ያስፈልጋል። በውስጡ ያለፉት ሽቦዎች በር በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይታጠፋሉ። ከዓመታት በኋላ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል፤ መዳቡም ይበጠሳል።

ፍሬን ሲረገጥ የፓርኪንግ መብራቱ የሚደበዝዝ ወይም ፍሬቻው አብሮ የሚንጨላጨል ከሆነ ምልክቱ የማሳ መበላሸት ነው። ኤሌክትሪኩ በራሱ መንገድ መመለስ ሲያቅተው በጎረቤት አምፖል ክር በኩል መመለሻ ይፈልጋል። እንዲህ ዓይነቱን መኪና ያየ ሰው አምፖል ለመግዛት መቸኮል የለበትም።

መብራቱ ፔዳል ሳይነካ ሁልጊዜ ከበራ ደግሞ ጥፋቱ የስዊቹ ነው፤ ወይም ስዊቹን የሚገፋው ነገር ጎድሏል።

አምፖልና ሶኬት

በብዙ ዕድሜ ጠገብ መኪኖች የፍሬንና የፓርኪንግ መብራት በአንድ አምፖል ውስጥ ይኖራሉ። አምፖሉ ሁለት ክር አለው፦ ለፓርኪንግ የሚያገለግለው የ5 ዋት፣ ለፍሬን የሚያገለግለው የ21 ዋት። በጎንና በጎኑ ያሉት ሁለት ጆሮዎች እኩል ከፍታ ላይ አይደሉም። ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ አምፖሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲገባ። ገልብጦ በጉልበት ያስገባው ሰው መኪናው ሌሊቱን በሙሉ በ21 ዋት እየበራ እንዲሄድ፣ ፍሬን ሲረገጥ ግን የ5 ዋት ጭማሪ ብቻ እንዲታይ ያደርጋል። ከኋላ ለሚመጣው ሾፌር ያ ልዩነት ከምንም አይቆጠርም። ባለ አንድ ክሩን አምፖል በባለ ሁለት ክር ሶኬት ውስጥ መክተትም ሁለቱን መስመሮች ሊያገናኝና ፍሬን ሲረገጥ ፓርኪንጉ አብሮ እንዲበራ ሊያደርግ ይችላል።

የተቃጠለ አምፖል ብዙ ጊዜ በዓይን ይለያል፦ ክሩ ተበጥሷል፣ ወይም መስታወቱ ከውስጥ ጠቁሯል። ጥርጣሬ ካለ የሚሠራውን ከአንዱ ወገን ነቅሎ በሌላው ላይ መሞከር ቀላሉ ፈተና ነው። ደህናው አምፖል በጠፋው በኩልም ካልበራ አምፖሉ አይወቀስም።

ቀጥሎ ሶኬቱ ይታይ። ከታች ያሉት ሁለት መነካኪያዎች በጸደይ ተገፍተው አምፖሉን መግፋት አለባቸው። በሙቀት ከላሉ ወይም አረንጓዴ ዝገት ከያዙ አምፖሉ ደህና ሆኖም አይበራም። የባትሪው ኔጌቲቭ ከተነቀለ በኋላ በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት እስኪያበሩ ድረስ ማጽዳት፣ በጥንቃቄ ትንሽ ማቃናት፣ በስሱም ቫዝሊን መቀባት ብዙውን ሶኬት ወደ ሥራ ይመልሰዋል። ውሃ የሚያስገባው የመብራቱ ሽፋን ከተሰነጠቀ ወይም ጎማው ከደረቀ ግን የጸዳው ሶኬት ክረምት ሲመጣ ተመልሶ ይዝጋል። ውሃው መጀመሪያ መቆም አለበት።

ማሳ

ከአምስቱ ቦታዎች ብዙ ሰው የሚዘለው ማሳን ነው። ከመብራቱ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ጥቁር ወይም ነጭ ከጥቁር ጋር የሆነው ሽቦ በአንድ ብሎን ከላሜራው ጋር ይያያዛል። መኪናው ከኋላ ተገጭቶ ተቀጥቅጦ ቀለም ከተቀባ፣ ያ ብሎን የታሰረው በአዲሱ ቀለም ላይ ሊሆን ይችላል። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በቦዲ ሥራ ያለፈ መኪና የኋላ መብራቱ ካስቸገረ መጀመሪያ የሚፈታው ብሎን ይኼ ነው። ከሥሩ ያለው ቀለም ተፍቆ ነጭ ብረት እስኪታይ ድረስ ይጸዳል፤ ብሎኑ ይጠበቃል፤ ከታሰረ በኋላ እንዳይዝግ ቅባት ይቀባል።

የማሳ ብልሽት ሁልጊዜ መብራቱን ጨርሶ አያጠፋም፤ ያደበዝዘዋል። ይህ ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ባለቤቱ «ይበራል» ብሎ ይተወዋልና። የክር አምፖል ብርሃን ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይቀንስም፤ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይወርዳል። 12 ቮልት ማግኘት ያለበት አምፖል 10.5 ቮልት ብቻ ከደረሰው ከብርሃኑ ሲሶ በላይ ያጣል። በፀሐይ ብርሃን ውስጥ እንዲህ የደበዘዘ ቀይ መብራት መብራቱም አይለይም።

ቴስተር ያለው ሰው ይህን በአንድ ደቂቃ ያረጋግጣል። ቴስተሩን በቮልት ላይ አድርጎ አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን ከሶኬቱ የብረት አካል ጋር ያገናኛል፤ ሌላ ሰው ፍሬን ይረግጣል። ንባቡ ከ0.2 ቮልት በታች ከሆነ ማሳው ደህና ነው። አንድ ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ ዝገት ያለበት ግንኙነት አለ። ቴስተር የሌለው ደግሞ ሁለቱም ጫፎቹ የተላጡ ሽቦ ከሶኬቱ ብረት ወደ ንጹሕ ላሜራ በቀጥታ ያገናኝ። መብራቱ ወዲያው ከደመቀ መልሱ ተገኝቷል።

ስዊቹ

የስቶፕ ስዊች አሠራር እንደ መኪናው ይለያያል። በቶዮታ፣ በሆንዳ፣ በኒሳንና በሌሎችም የጃፓን መኪኖች ከፔዳሉ ክንድ በላይ የተገጠመ፣ ትንሽ ዘንግ ያለው ስዊች ነው። ፔዳሉ ሲለቀቅ ዘንጉን ገፍቶ መብራቱን ያጠፋዋል፤ ሲረገጥ ይለቀውና መብራቱ ይበራል።

ዘንጉ የሚያርፈው በፔዳሉ ክንድ ቀዳዳ ላይ በተሰካ ጣት ጫፍ በምታህል ፕላስቲክ ላይ ነው። ያቺ ፕላስቲክ ከብዙ ዓመት በኋላ ትፈረፈራለች። ዘንጉም በባዶው ቀዳዳ ይሾልክና ስዊቹ ፔዳሉ እንደተረገጠ ይቆጥረዋል፤ መብራቱ ቀንና ሌሊት ይበራል። ባለ 21 ዋት ሁለት አምፖሎች በድምሩ 3.5 አምፔር ይወስዳሉ፤ 45 አምፔር ሰዓት የሚይዝን ሙሉ ባትሪ በ13 ሰዓት ገደማ ባዶ ያደርጉታል። ጠዋት አልነሣ ያለ መኪና ባለቤት አዲስ ባትሪ ከመግዛቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ከፔዳሉ ሥር ያለውን ምንጣፍ ይመልከት። የተሰባበረ የፕላስቲክ ፍርፋሪ ካገኘ የባትሪውን ሌባ አገኘው ማለት ነው። ፕላስቲኳ በመርካቶ ሶማሌ ተራ ባሉ የመለዋወጫ ሱቆች ብትፈለግ ይመረጣል። እስክትገኝ ድረስ ራሱ ለስላሳ የሆነ ትንሽ ብሎን በቀዳዳው አስሮ መሄድ ይቻላል።

መብራቱ ጨርሶ የማይበራ ከሆነና ስዊቹ ሁለት ሽቦ ብቻ ካለው ፈተናው ቀላል ነው። ሶኬቱ ይነቀላል፤ ሁለቱ ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ይገናኛሉ። መብራቱ ከበራ ስዊቹ ሞቷል፤ ካልበራ ስዊቹ ነጻ ነው፣ ፍለጋው ወደ ፊውዙ ወይም ወደ ኋላው ሽቦ ይቀጥላል። አራት ሽቦ ያላቸው ስዊቾች ከሌሎች የመኪናው ክፍሎች ጋር ስለሚገናኙ በግምት ማገናኘት አይገባም። አዲሱ ስዊች ሲታሰርም ልክ ያስፈልጋል። በጣም ወደ ታች ከወረደ ፔዳሉን ገፍቶ ፍሬኑ ሳይረገጥ እንዲይዝ ያደርጋል፤ ሸራውም ይግላል፣ ያልቃል።

ቮልስ ግን ሌላ ነው። በቮልስዋገን ቢትል ስዊቹ ፔዳሉን አይነካም፤ በፍሬን ዋናው ሲሊንደር ላይ ተጠምዝዞ በፍሬን ዘይቱ ግፊት ይሠራል። ሲያረጅ ቀስ ብሎ ሲረገጥ አይበራም፤ ጠንከር ያለ ግፊት ይጠይቃል። ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሲቆም ከኋላ ያለው ሰው ምንም ምልክት አያይም። ስለዚህ የቮልስ መብራት ሲፈተሽ ፔዳሉ በኃይል ብቻ ሳይሆን በለዘብታም መረገጥ አለበት። ስዊቹ ሲቀየር ዘይት ስለሚፈስ አየር ሊገባ ይችላል፤ ፍሬኑን አየር ማስወጣት የማያውቅ ሰው ይህን ሥራ ለመካኒክ ይተውለት።

በአዳዲሶቹ መኪኖች ስዊቹ ከመብራትም በላይ ሥራ አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሃዩንዳይና ኪያ በአሜሪካ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ መኪኖችን የጠሩት በዚህች ትንሽ ዕቃ ምክንያት ነው። መብራቱ ካለመብራቱ ሌላ የፍጥነት መጠበቂያው ፍሬን ሲረገጥ ላይለቅ፣ የአውቶማቲክ ማርሹም ከፓርክ አልወጣም ሊል ይችል ነበር። ማርሹ ከፓርክ አልወጣ ያለው ሾፌር ካምቢዮ ከማስፈታቱ በፊት የፍሬን መብራቱን ቢያይ ከብዙ ወጪ ይድናል።

ፊውዝና ሽቦ

የተቃጠለ ፊውዝ መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው፤ የሚያሳስበው ለምን እንደተቃጠለ ነው። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ የሆነ ቦታ ላይ ሽቦ ተልጦ ላሜራ ነክቷል። 10 አምፔር የነበረውን በ30 መተካት፣ ወይም በሲጋራ ፎይል ጠቅልሎ መመለስ፣ ፊውዙ ሊያድነው የተቀመጠውን ሽቦ እንዲቃጠል መፍቀድ ነው፤ መኪናው ሊነድ ይችላል። ፍለጋው የሚጀመረው ሽቦ ከሚታጠፍበትና ከሚፋተግበት ቦታ ነው፦ ከኋላ ኮፈን መታጠፊያ፣ ከወንበር ሥር፣ በኋላ ከተጨመረ የተጎታች ወይም የጌጥ መብራት መጋጠሚያ።

የተበጠሰ ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ለአንድ ቀን መንገድ ያገለግላል። ናስትሮው በሙቀት ይላላል፤ እርጥበት ይገባል፤ መዳቡ ይዝጋል። ዘላቂው ሥራ በቆርቆሮ በይዶ በሙቀት በሚጨመቅ ቱቦ መሸፈን ነው።

ኤልኢዲ ይሻላል?

ኤልኢዲ ከክር አምፖል ወደ 0.2 ሰከንድ ቀድሞ ሙሉ ብርሃኑን ይሰጣል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለሚመጣ መኪና ይህ የ5.5 ሜትር ያህል ልዩነት ነው፤ ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ የዕድሜ ጠገብ መኪና አንጸባራቂ የተቀረጸው ክሩ በሚቀመጥበት ትክክለኛ ነጥብ ተለክቶ ነው። ብርሃኑን ከሌላ ነጥብ የሚረጭ ርካሽ ኤልኢዲ ፊት ለፊት ለቆመ ሰው ይደምቃል፤ ከጎን ለሚመጣው ግን ደካማ ሊሆን ይችላል። የፓርኪንጉና የፍሬኑ ብርሃን ልዩነት የማይታይበትም ብዙ ነው። ማሳው የዛገ መስመር ላይ የተገጠመ ኤልኢዲ ደግሞ ችግሩን ይሸፍናል እንጂ አያነሣም። መጀመሪያ መስመሩ ይስተካከል፤ አምፖሉ ከዚያ ይመረጥ። የገጠመም ሰው 20 ሜትር ያህል ርቆ፣ በቀን ብርሃን፣ ከመሐልና ከሁለቱም ጎኖች ይመልከተው።

ፍተሻው

የዓመት ቦሎ ሲታደስ መብራት ይታያል። አምፖል ግን ምርመራው ባለፈ ማግስት ሊቃጠል ይችላል፤ የሚቀጥለው ምርመራ እስኪደርስ ሙሉ ዓመት አለ። የፍሬን መብራት ሾፌሩ ለሌላ ሰው ብቻ የሚያበራው መብራት ነው፤ እሱ ራሱ ከመሪው ጀርባ ሆኖ አያየውም። ስለዚህ ማየት የሚችልበትን መንገድ ማበጀት የእሱ ኃላፊነት ነው። ሚኒባስ የሚነዳ ረዳቱን ከኋላ ያቁም። ብቻውን የሆነ ሰው ሲመሽ ከግድግዳ ፊት ወይም ከሱቅ መስታወት አጠገብ በኋላ ማርሽ ተጠግቶ ፔዳሉን ይርገጥ፤ በቀዩ ብርሃን የቱ ወገን እንደጎደለ በግልጽ ይታያል። ሁለት ተጠባባቂ አምፖልና ጥቂት ፊውዝ በመኪናው ኪስ ማስቀመጥም ወጪው ትንሽ ነው።

ይህን ምዕራፍ ያነበቡ ሁሉ ከሚቀጥለው ጉዟቸው በፊት የፍሬን መብራታቸውን አንድ ጊዜ እንዲያዩ፣ ከዚያም በየሳምንቱ እንዲደግሙት አደራ እንላለን። የግራውም የቀኙም የፍሬን መብራት ካልበራ መኪናው ሳይጠገን ከግቢ መውጣት የለበትም።